ከእንጨቱ መድረክ እስከ ባትሪው ስፒከር



ኪቦርድ ትጫወታለህ እንበል። የምትኖረው ሮቤ ወይም ጎባ ነው። ባንድ የለህም፤ ቤዝ የሚመታልህ፣ ከበሮ የሚይዝልህ ጓደኛ የለህም። ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለኅብረት ጸሎት፣ ለገጠር አጥቢያ ኮንፈረንስ ስትጠራ ኪቦርድህን አንግበህ ብቻህን ትሄዳለህ። ስፒከር ግን የራስህ አይደለም፤ አንዴ ትዋሳለህ፣ አንዴ ትከራያለህ። አሁን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመሃል። ቤተሰብህም ስንዴው ከተሸጠ በኋላ ሊጨምሩልህ ቃል ገብተዋል። ሱቅ ገብተህ «ስንት ዋት ነው?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት አንድ ታሪክ ላጫውትህ። እኅቴ ሆይ፣ ነገሩ ለአንቺም ነው፤ «አንተ» የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ሰርግ ነው። ከጎባ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ቆርቆሮ ጣራ ባለው አዳራሽ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ትልቅ ስፒከር ተውሼ ሄጄ ነበርና ደረቴን ነፍቼ ነበር። የሙሽራው አያት ሊመርቁ ማይኩን ሲይዙ ዝናቡ ጣራውን መታው። ድምፁን ጨመርሁ፤ ማይኩ ጮኸ። ቀነስሁ፤ አልተሰሙም። እንደገና ጨመርሁ፤ እንደገና ጮኸ። በመጨረሻ ሽማግሌው ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በእጃቸው ሰዎቹን ጠሩ። ሕዝቡ ተጠጋቸው፤ በራሳቸው ድምፅ መረቁ። ሙሽሮቹ ምርቃቱን ሰሙ፤ በኋላ የተቀመጥነው ግን አልሰማንም። ያ ምርቃት ተመልሶ አይመጣም። እኔም ትልቅ ስፒከርና የሚሰማ ድምፅ አንድ እንዳልሆኑ ያን ቀን ተማርሁ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውስ።

ስፒከር ሳይኖር በፊት

መጽሐፍ ቅዱስህን ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ክፈት። ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ያነበበው ከማለዳ እስከ ቀትር ነበር። ያነበበው ግን መሬት ላይ ቆሞ አልነበረም፤ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ነበር። ሌዋውያኑ ደግሞ ሕዝቡ ያስተውል ዘንድ ያብራሩ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ጥበብ አለ። አንደኛው ድምፅን ከሰው ራስ በላይ ከፍ ማድረግ ነው፤ ከፊት የቆሙ ሰዎች አካልና ልብስ ድምፅን ስለሚውጡ፣ ዝቅ ብሎ የተነሣ ድምፅ ኋላ አይደርስም። ሁለተኛው፣ ሩቅ ላለው ሰው ከመጮህ ይልቅ አጠገቡ የሚያብራራለት ሰው ማቆም ነው። ጌታችንም በማርቆስ 4 ላይ ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ በባሕሩ ዳር ለቆመው ሕዝብ ሲያስተምር በራሱና በሕዝቡ መካከል ክፍት ቦታ ነበረው። የሚጋፋው አልነበረም፤ ድምፁም ያለ ከልካይ ውኃውን ተሻግሮ ይደርስ ነበር።

በአገራችን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር። የነጋሪቱ ሥራ ቃሉን ማጉላት አልነበረም፤ ሕዝቡን መሰብሰብና ዝም ማሰኘት ነበር። ቃሉን የሚናገረው ሰው ነው። ከ1942 ጀምሮ ሕግ የታወጀበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው።

በ1739 ደግሞ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆርጅ ኋይትፊልድ በፊላደልፊያ ከተማ አደባባይ ላይ ሰበከ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከሕዝቡ መካከል ነበር። ፍራንክሊን የሳይንስ ሰው ነውና ስብከቱን ብቻ አልሰማም፤ ድምፁ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ወደ ኋላ እየሄደ ለካ። የሰባኪው ቃል ወደ ፍሮንት ጎዳና እስኪቃረብ ድረስ በግልጽ ይሰማው ነበር። እዚያ ሲደርስ የመንገዱ ጫጫታ ሸፈነበት። ያንን ርቀት ይዞ ግማሽ ክብ አሰበ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካሬ ጫማ ቦታ ሰጥቶ ሲያሰላ ከ30,000 በላይ ሰው ሊሰማ እንደሚችል አገኘ። ልብ በል፤ ድምፁ የጠፋው ርቀቱ ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን ሌላ ጫጫታ ስለ በለጠው ነው። በእኔ ሰርግ ላይ ዝናቡ ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

ድምፅ ከኤሌክትሪክ ጋር

በ1915 በካሊፎርኒያ ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሠሩ። ስሙን «ማግናቮክስ» አሉት፤ በላቲን «ታላቅ ድምፅ» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አዳራሽ ፊት ለተሰበሰበው ሕዝብ ዝማሬና ንግግር አሰሙበት። በ1919 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በሳን ዲዬጎ ስታዲየም ለ50,000 ያህል ሰው በዚህ መሣሪያ ተናገሩ። ፕሬዚዳንቱ የተናገሩት በመስታወት ክፍል ውስጥ ቆመው ነበር። በ1925 ደግሞ ራይስና ኬሎግ የተባሉ መሐንዲሶች ዛሬ በስፒከርህ ውስጥ ያለውን አሠራር አስተዋወቁ፤ በማግኔት መካከል ያለ የሽቦ ጥቅል ይንቀጠቀጣል፣ እርሱም የወረቀት ሾጣጣውን ይገፋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ለመድረክ ሙዚቃ የሚሆን መሣሪያ በበቂ አልነበረም። በ1965 ቢትልስ በኒው ዮርክ ሺ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሰው ፊት ሲዘፍኑ ድምፃቸው የወጣው ለስፖርት ማስታወቂያ በተሠራው የስታዲየሙ ስፒከር ነበር። የሕዝቡ ጩኸት ዋጣቸው፤ ዘፋኞቹ ራሳቸውን እንኳ መስማት አቃታቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1967 ሹር የተባለው ድርጅት «ቮካል ማስተር» የሚባል ተንቀሳቃሽ መሣሪያ አወጣ። ስድስት መስመር ያለው ሚክሰርና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን፣ ከእርሱም ጋር ሁለት ረጃጅም የአምድ ስፒከሮች ነበሩት። ዘማሪ ወይም ሙዚቀኛ የራሱን የድምፅ መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ መሄድ የቻለው በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ነው።

በእኛ አገር

በ1963 በአዲስ አበባ ብሥራተ ወንጌል የራዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ያለ ስታዲየም፣ ያለ አደባባይ፣ በየቤቱ ለተቀመጠው ሰው ይሰማ ነበር። በ1977 የደርግ መንግሥት ወረሰው። ከዚያ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰቡ። መዝሙር በለሆሳስ ሆነ። የዚያን ዘመን ሰዎች ቤተ ክርስቲያንህ ውስጥ ካሉ ጠይቃቸው፤ ድምፅ ከግድግዳው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ይነግሩሃል። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋችበት ጊዜ ወደ 5,000 የነበሩት አባላት በ1991 ነጻነት ሲመጣ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። በለሆሳስ የተዘመረው መዝሙር ተሰምቶ ነበር ማለት ነው። ስፒከር ልትገዛ ስትነሣ ይህን አትርሳ።

ብቻውን ኪቦርድ የሚጫወት ሰው በአገራችን የበዛውም በዚያው ዘመን ገደማ ነው። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ትልልቆቹ ባንዶች ከነነፋሾቻቸው እየሳሱ ሄዱ፤ ኪቦርዱም የቤዙን፣ የከበሮውንና የነፋሹን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ የዚህ ምሳሌ ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እርሱ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ያስቀምጥ ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። የተሸከምከው መሣሪያ ትንሽ መሆኑ አያሳፍርህ። ልምምድህን እንድትቀጥል ካስቻለህ ሥራውን ሠርቷል።

ወደ ባሌ ስንመለስ ነገሩ ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1988 ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው በቅርብ መኖሩ ሶኬት በየቤቱ አለ ማለት አይደለም። ከሮቤ ወጥተህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄድ ፕሮግራሙ ያለ ጄኔሬተር ወይም ያለ ባትሪ የማይሆንበት ቦታ ብዙ ነው።

አሁን ፊትህ ያሉት ምርጫዎች

የመጀመሪያው ቀንድ የመሰለው ማጉያ ነው፤ ብዙዎች ሆርን ይሉታል። በመኪና ባትሪ ይሠራል፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ዝናብ ይችላል። ለንግግርና ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ለኪቦርድ ግን አይሆንም። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ዝቅተኛ ድምፁ 65 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ሆርን ደግሞ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ከሞላ ጎደል ይተወዋል። የግራ እጅህ ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

ሁለተኛው የድሮው ሳጥን ስፒከር ነው፤ አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ለብቻ ናቸው። ጥቅሙ አንዱ ሲበላሽ ሌላው መትረፉ፣ መጠገኑም ቀላል መሆኑ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና የገመዱ ብዛት ነው። ረዳት ለሌለው ሰው ከባድ ነው።

ሦስተኛው አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ ስፒከር ነው። ጄቢኤል በ1995 ኢዮን የተባለውን ፕላስቲክ አካል ያለውን ዓይነት ካወጣ ወዲህ ይህ ዓይነት ዓለምን ሞላ። ኪቦርድህንና ማይክህን በቀጥታ ትሰካለህ። ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። የኪቦርዱን ዝቅተኛ ድምፅ በአግባቡ ያወጣል፤ ባለ 8 ኢንቹ ግን ይቸገራል።

አራተኛው ቀጭኑ የአምድ ስፒከር ነው። ቦዝ በ2003 ኤል ዋን የተባለውን ለብቻው ለሚጫወት ሙዚቀኛ ብሎ አወጣ። ትንንሽ ስፒከሮች በቁመት ይደረደራሉ፤ ከሥር የቤዝ ሳጥን አለ። ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር ላሳይህ። ተራ ስፒከር ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በአንድ ሜትር 100 ዴሲቤል ቢሆን፣ በ2 ሜትር 94፣ በ4 ሜትር 88፣ በ8 ሜትር 82፣ በ16 ሜትር 76 ይሆናል። ረጅም አምድ ግን በቅርብ ርቀት ላይ በየእጥፉ የሚቀንሰው ወደ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለችው እናት ጆሮዋ ሳይደነቁር ኋላ ያለው ይሰማል። ማይኩም ቶሎ አይጮህም። ይህ ጥቅም በአዳራሽ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ይጠፋል። ዋጋውም ከፍ ይላል።

አምስተኛው በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ነው። ቦዝ በ2018 ያወጣው ኤስ ዋን ፕሮ 7 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አምራቹ በአንድ ሙሌት እስከ 11 ሰዓት ይሠራል ይላል። ይህ ቁጥር በዝቅተኛ ድምፅ መሆኑን አትዘንጋ። ለ50 ወይም ለ60 ሰው የቤት ፕሮግራም ድንቅ ነው፤ ለሜዳ ኮንፈረንስ ግን አትጠብቀው።

ስለ ዋት አንድ ነገር ልንገርህ። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮህ በቃ ትንሽ ጨመረ ይላል። ጆሮህ እጥፍ ሆነ እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርሰው ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ስለዚህ 500 እና 1,000 ዋት በሚሉ ሁለት ካርቶኖች መካከል ያጠራቀምኸውን ሁሉ አትጨርስ።

የባሌ ደጋ የሚጨምረው

የስፒከር መመሪያ የሚጻፈው ባብዛኛው ለቆላ አገር ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። የጄኔሬተር ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው አንድ በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎዋት የተባለው ጄኔሬተር ሮቤ ላይ የሚሰጥህ ሦስት አራተኛውን ነው። ሰነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህም አያስፈራህ፤ ስፒከር በተለመደው ሙዚቃ የሚበላው በካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው፣ ኪቦርዱም ጥቂት ዋት ብቻ ይበቃዋል። ግን ያንኑ ጄኔሬተር ለሻይ ማፍያ አታጋራው።

ቅዝቃዜው ባትሪን ይጎዳል። የመኪና ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ መሙላት ያበላሸዋል። የሌሊት ፕሮግራም ካለህ ስፒከሩን ውጭ አታሳድረው፤ ቤት ውስጥ አሙቀህ ሙላው።

መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ከመግዛትህ በፊት የስፒከሩን ጀርባ አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፤ 220 ብቻ የሚል ከሆነ የስታብላይዘር ገንዘብ አብረህ አስብ።

የመጨረሻው መለኪያ ባጃጅ ነው። አንተ፣ ኪቦርዱ፣ ስታንዱና ስፒከሩ በአንድ ባጃጅ ትገባላችሁ? ካልገባችሁ በየፕሮግራሙ ለመኪና ትከፍላለህ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አስላ።

ጎረቤትህ

ባሌ የብዙ እምነት ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩባት አገር ናት። በአገራችን የድምፅ መመዘኛ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ እንቀጥል። በአንድ ሜትር 100 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ገላጣ ሜዳ ላይ ወደ 55 የሚወርደው 180 ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ወደ 45 የሚወርደው ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ የታመመ ሰው፣ ሕፃን የምታስተኛ እናት፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አለ። ስማችንን ከጫጫታ ጋር አያይዘው እንዲያውቁት አንፈልግም። በለሆሳስ እየዘመሩ ያቆዩን ወላጆች ልጆች ሆነን፣ ጎረቤት በእኛ ምክንያት እንቅልፍ አጣሁ ቢል መልሳችን ምንድን ነው?

እንግዲህ ምን ትገዛለህ?

እኔን ብትጠይቀኝ፣ ጀማሪ ከሆንህ አንድ ጥሩ ባለ 12 ኢንች አምፕሊፋየር ያለበት ስፒከርና ጠንካራ ስታንድ ግዛ። ስታንዱን አትናቅ፤ እርሱ የዕዝራ የእንጨት መድረክ ነው፣ ስፒከሩን ከሰው ራስ በላይ ያወጣልሃል። ሁለተኛውን ስፒከር ሌላ ዓመት ትጨምራለህ። ሥራህ ባብዛኛው መብራት በሌለበት ገጠር ከሆነ በባትሪ ከሚሠራው ጀምር። አጥቢያህ ለአዳራሽ የሚሆን መሣሪያ በጋራ ሊገዛ ካሰበ አምዱን እንዲያዩት ንገራቸው።

ስትተክልም ስፒከሩን ከማይኩ ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ አዙረህ አቁም፤ ማይኩ ከስፒከሩ ኋላ ይሁን። ማይኩን ወደ አፍ አስጠጋ። አንድ ሰው የኋለኛው ወንበር ላይ አስቀምጥና «ቃሉ ይለያል?» ብለህ ጠይቀው፤ «ይጮሃል?» ብለህ አይደለም። ሰው ሲናገር ኪቦርድህን ዝቅ አድርግ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ደግሞ ድምፅ በመጨመር አትታገለው፤ ሕዝቡ እንዲጠጋ ለምን፣ ወይም እስኪያባራ ዝማሬ ያዝ።

እኔ ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ስፒከሩ ከሽማግሌው ኋላ አይቆምም ነበር፤ እኛ ኋላ የተቀመጥነውም ምርቃቱን እንሰማ ነበር። አንተ ግን አሁን አውቀሃል። ቀጣዩ ሰርግ ላይ የሚመርቁት አያት ማይኩን ጠረጴዛ ላይ እንዳያስቀምጡ አድርግ።